ወደ ዛሪማ የወደቀው ምሰሶ

እኔ ዕድሜ ልኬን የማውቀው በቅሎ መጫን ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ያውም እያንቀላፋሁ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ እንደ አካሄዴ ዝግ ቢልባችሁ አትቆጡኝ። ደባርቅ ላይ የሚሮጥ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፤ ቀስ ያለ ግን ቡይት ራስም ይደርሳል። ቀስ እንበል።

ስሜ ማሩ ይባላል። ጉልበቴን የጨረስኩት ከደባርቅ ቡይት ራስ፣ ከቡይት ራስ ጊች እየወጣሁና እየወረድኩ፣ የፈረንጅ ድንኳንና ድስት በበቅሎ ሳመላልስ ነው። ከፊቴ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሄድ ነበር፤ አዛናው ይባላል። እሱ የተራራው ፓርክ ስካውት ነበር። ጠመንጃውን ያነግታል፣ ባርኔጣውን ይደፋል፣ አራዊቱንም እንግዳውንም ይጠብቃል። እኔ የሱን ጀርባ እያየሁ አረጀሁ፤ እሱ የኔን ሳል እየሰማ አረጀ።

ቤታችንም ጓሮ ለጓሮ ነው። በመካከላችን የጭራሮ አጥር አለ፤ ማለቴ፣ ነበረ። በየዓመቱ እሱ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ፣ ስንጨምርበት ስንጨምርበት ከሰው ቁመት አልፎ ዶሮ እንኳ የማያሾልክ ግንብ ሆነ። የሱ በር በላይኛው መንገድ፣ የኔ በታችኛው ነው። እሱ ዘንድ ለመድረስ ወፍጮ ቤቱን መዞር፣ የሦስት ግቢ ውሻ ማለፍ ግድ ነው። ቢሆንም አንድ ቀን ሳንገናኝ ውለን አናውቅም።

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ አዛናው ብቻውን ቀረ። ባለፈው ክረምት ጓሮው ውስጥ ጭቃው አዳለጠውና ወደቀ። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ከጠዋት እስከ ቀትር እዚያው ቆየ። ቢጣራ ማን ይስማው? ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ አጥሩ ድምፅ አያሳልፍም። እኔ ከአጥሩ ወዲህ በቅሎዬን አሻሽ ነበር። ያነሳችው ወተት የምታመጣለት ሴት ናት።

እሱ ነገሩን በሳቅ ነበር የሚያወራው። «ቀይ ቀበሮና ዋልያ ስጠብቅ ኖሬ፣ ለኔ ጠባቂ ጠፋ» ይል ነበር።

ልጁ ሰላማዊት ግን አልሳቀችም። ሐዋሳ ነው የምትኖረው፤ ባልና ልጆች አሏት። ግንቦት ላይ መጣችና «አባዬ፣ ሁለተኛ ክረምት እዚህ ብቻህን አታሳልፍም» አለችው። ከጎንደር የአውሮፕላን ቲኬት ተቆርጧል። ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ በጠዋቱ አዛናው ወፍጮ ቤቱን ዞሮ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ማሩ፣ ያን ሁሉ ፈረንጅ በስንብት እሳት ሸኝተናል አይደል?»

«ሸኝተናል።»

«አጨብጭበንላቸዋል፤ እስክስታ ወርደንላቸዋል። ስማችንን እንኳ በቅጡ ሳይጠሩት አቅፈውን ያለቅሱ ነበር። ለኔ ግን አንድም ቀን እሳት አልነደደልኝም።»

«ምድጃህ ውስጥ የሚነደው ምንድን ነው ታዲያ?»

«አንተ ደግሞ! የስንብት ነው የምልህ። ነገ ልሄድ እኮ ነው። ዛሬ በጓሮህ እሳት አንድድልኝ።»

«እሺ» አልኩት። ሌላ ነገር ልጨምርበት ፈልጌ ነበር፤ «እንጨቱም ከኔ ነው» ብዬ ተውኩት። እሱም ጥቂት ጠብቆ ተነሳና ሄደ።

ባለቤቴ ይታይሽ ከማዕድ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«አትሂድ አላልከውም?»

«ምን ብዬ?»

«‹አትሂድ› ብለህ ነዋ! አንዲት ቃል ናት።»

«ሽማግሌ ለሽማግሌ እንዲህ ይላል?»

«በቅሎህ የታመመች ጊዜ አንገቷን አቅፈህ ‹አትሂጅብኝ› እያልክ ስትለምናት ነው ያደርከው። አፍ የተሰጠህ ለበቅሎ ብቻ ነው?»

እንጨት ፍለጋ ወጣሁ።

ለእሳቱ ሥራ የጠራሁት ሞላን ነው። ሞላ በጭነት መኪና ከደባርቅ ዛሪማ፣ ሊማሊሞን ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሾፌር ነው፤ ዛሬም በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። ሁለታችን ባህር ዛፍ እየጎተትን ጓሮዬን ሞላነው። እንግዲህ ተራራው ላይ እንጨት ብርቅ ስለሆነ የእንግዳ እሳት ትንሽ፣ መሬት ላይ የተቀመጠች ናት። በግቢህ፣ በእንጨትህ፣ ትልቅ እሳት ሥራ ሲባል ግን የኛ እጅ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ጉድጓድ ቆፈርን፤ ረጅም ምሰሶ አቆምን፤ በድንጋይ ወጠርነው፤ ሌላውን እንጨት ዙሪያውን አስደገፍን። ሞላ ጫፉ ላይ የሚያስረው ቢጫ አበባ ፈልጎ አጣና የሽንኩርት ቅጠል አሰረበት።

ሰላማዊት ከአባቷ ጋር መጥታ ስታየው ጮኸች።

«ጋሼ ማሩ! አባዬ ካምፕ ፋየር ነው ያላችሁ፤ ይሄ እኮ ደመራ ነው!»

ወደ ኋላ ብዬ አየሁት። እውነቷን ነው። በግንቦት ደመራ አቁመናል።

ሞላ ግን አላፈረም። «እንግዲያማ ወዴት እንደሚወድቅ እናያለን» አለ። መቼም የደመራ ምሰሶ ሲወድቅ አቅጣጫው እንደሚታይ፣ ዘመኑ እንዲህ ይሆናል እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሞላ ለቀልድ ነው የተናገረው። አዛናው ግን ባርኔጣውን አውልቆ ምሰሶውን ከታች እስከ ላይ ተመለከተው።

«ይፍረድ» አለ።

«ማን?» አለች ልጁ።

«ምሰሶው። ወደ ዳባት ከወደቀ ያ የጎንደር መንገድ ነው፤ እሄዳለሁ። ወደ ቡይት ራስ ከወደቀ ተራራዬ ጠርቶኛል ማለት ነው፤ እቀራለሁ።»

«አባዬ! ቲኬት ተቆርጧል እኮ!»

«ቲኬት የቆረጠው ሰው ነው፤ ሰው ይሳሳታል» ብሎ ቤቴ ግድግዳ ስር ሄዶ ተቀመጠ። ግድግዳውን ተደገፈ፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋ፣ አንቀላፋ።

ልጅቷ በንዴት ሻንጣ ልታስር ተመለሰች። ሞላ ተጨማሪ እንጨት ሊያመጣ ወጣ። ይታይሽ ወጧ ላይ ናት። ምሰሶው ዘንድ የቀረነው እኔና እግዚአብሔር ብቻ ነን።

ግራና ቀኝ አየሁ። ጎንበስ አልኩና በቡይት ራስ በኩል ምሰሶውን የወጠረውን ድንጋይ ነቅንቄ አወጣሁት። ሌላውንም አወጣሁ። እንግዲህ ለቡይት ራስ መንገድ ጠረግኩለት ማለት ነው፤ ሲነድ ሌላ የሚሄድበት የለውም። አፈሩን በእግሬ ደልድዬ፣ ወገቡን እንደሚያፍታታ ሰው ቀና አልኩ። አዛናው ያንኮራፋል። ምሰሶውም ከወዲሁ ወደ ቡይት ራስ ዘንበል ያለ መሰለኝ፤ ደስ አለኝ።

ሞላ ሲመለስ ከእንጨቱ ጋር አሮጌ የጭነት ማሰሪያ ሽቦ ይዟል።

«ሽቦው ለምንድን ነው?»

«እንጨቱ እንዳይበተን ላስርበት።»

«እሺ» ብዬ በጎቹን ላስገባ ሄድኩ። ስመለስ እንጨቱ አልታሰረም፤ ሽቦውም የለም። አላሰብኩበትም። ያኔ የራሴ ድንጋይ ነበር የሚያሳስበኝ።

ከብት ወደየበረቱ ሲገባ መሪጌታ ጥበቡ መጡ። ልጆቻችንን ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩ፣ የአዛናውን ሚስት ደርሰው የቀበሩ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ምንድን ነው የማየው?»

«የስንብት እሳት ነው መሪጌታ፤ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«በግንቦት ደመራ! አበው ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?»

«ደመራ አይደለም፤ ቆሞ የቀረ እንጨት ነው» አለ ሞላ።

ነገሩን ስንነግራቸው የበለጠ ተቆጡ። «ለሰው መሄድና መቅረት እንጨት አይጠየቅም» አሉ። ግን አዛናውን ቀና ብለው ሲያዩት ምን እንዳዩበት እንጃ፣ ቁጣቸው በረደ። «እኔ ወዴት እንደወደቀ አያለሁ እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አልናገርም» ብለው፣ መቋሚያቸውን እየተደገፉ ደመራውን ለብቻቸው ዞሩት። ከበስተጀርባው ሲደርሱ ጎንበስ አሉ፤ መቋሚያቸው ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ ሲል ሰማሁ። ዳዊት እየደገሙ ነው ብዬ ተውኳቸው።

እሳቱን የለኮሰው አዛናው ነው። ነበልባሉ ሲነሳ ፊቱ ላይ የወጣትነቱ መልክ ተመለሰ። የገብስ ጠላ ተቀዳ፤ ጥብስ መጣ፤ ሰላማዊትም ሻንጣውን አስራ ተመለሰች። ሞላ ተነስቶ ፈረንጆቹ በስንብት ጊዜ እንዴት እንደሚያጨበጭቡ ሲያሳይ ሳቅን። አዛናው በጊች መንገድ ላይ በቅሎዬ የአንዲቱን ፈረንጅ ባርኔጣ የበላችበትን ቀን አወራ።

«ሴትዮዋ ስታለቅስ ማሩ ምን አላት መሰላችሁ? ‹አይዞሽ፣ ሆዷን አያማትም› አላት!»

«የበቅሎዋ ሆድ ነው ያስጨነቀኝ እኮ!» አልኩ።

ሳቅን። ከዚያ አራት ሽማግሌ ዓይናችንን አንድ እንጨት ላይ ተክለን ቀረን። ዙሪያው የተደገፈው ሁሉ ነዶ ተንኮታኩቷል፤ ምሰሶው ግን ቆሟል። ወገቡ ፍም ሆኗል፤ ይቆማል። ወደ ቡይት ራስ ዘንበል ብሎ የነበረው ቀጥ ብሏል። ምን ነካው? ድንጋዩን አውጥቼለት የለም እንዴ? ጭራሽ ቀስ እያለ ወደ ዳባት ዘመም ሲል አየሁ። ሞላን አየሁት። በዳባት በኩል፣ ከሁላችን ፈቀቅ ብሎ ተቀምጧል፤ አንድ እጁ ከኋላው ነው። ጀርባውን የሚያክ መሰለኝ፤ ግን ሰው ጀርባውን ሲያክ ጥርሱን እንዲህ አይነክስም።

«ሞላ፣ ምን ሆነሃል?»

«ምንም! ወገቤን ነው!»

ይህን ሲል አንድ ነገር «ጧ!» አለ። ሞላ ከነበርጩማው ወደ ኋላው ተገለበጠ፤ ሁለት እግሩ ሰማይ ላይ ሆኖ ፍሬን ይፈልግ ጀመር። ለካስ ሽቦውን ከምሰሶው ላይ አስሮ፣ በሣር ውስጥ ቀብሮ፣ ጭነት እንደሚያጠብቅ በዱላ ሲያጠማዝዘው ነው ያመሸው። እሳት የበላው ሽቦ ተበጠሰ። ተጎትቶ የነበረው ምሰሶ ሲለቀቅ ደንግጦ ቀና አለ፤ አመነታ፤ ከዚያ ማንም ወዳላሰበበት፣ ወደ ኋላው፣ ወደ ሰሜን ጋደም አለ። ከነነበልባሉ ሄዶ በኔና በአዛናው መካከል ባለው አጥር ላይ ተጋደመ።

መጀመሪያ የተናገረው ሞላ ነው፤ እንደተንጋለለ።

«ወደ ዛሪማ! ዛሪማ ደግሞ ማን አለን?»

የግንቦት ጭራሮ መቼም ታውቁታላችሁ። ለክብሪት እንኳ አያስለፋም። አጥሩ «ቧ» ብሎ ተነሳ።

«እሳት! እሳት!» አለች ሰላማዊት።

«ውሃ!» አልኩ እኔ።

«ቧንቧው ከትናንት ጀምሮ የለም!» አለች ይታይሽ። ወዲያው የጠላውን እንስራ ከነጉሹ አቅፋ ስትሮጥ አየኋት።

«ጠላውን አይሆንም!» ብሎ ሞላ ከወደቀበት ተነሳ፤ እስከዚያ ድረስ መነሳት አቅቶት ነበር።

«ገና አረቄውንም አመጣዋለሁ!» አለች ይታይሽ።

«አረቄ እሳት ላይ? እግዚኦ!» አሉ መሪጌታ።

ከሁላችን ቀድሞ አጥሩ ዘንድ የደረሰው ማን መሰላችሁ? አዛናው። ጉልበቱ አልታዘዝ ያለው፣ ለዚሁ ጉልበት ሐዋሳ የሚወሰደው ሰው፣ ለምለም የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ እሳቱን ይገርፋል። «ማሩ በግራ! ሞላ አፈር! መሪጌታ ይራቁ፣ ጋቢዎ ይያዛል!» ይላል። ተራራው ላይ ሣር ሲቃጠል እንደሚያዝዝ ነው። እኛም እንደ ድሮው ታዘዝን። ቅርንጫፉም፣ አፈሩም፣ ጠላውም ተረዳድተው እሳቱ ጠፋ። ግቢዬ እስከ ማግስቱ ጠላ ጠላ ይሸት ነበር።

ቆመን ተነፈስን። የሁላችንም ፊት ጥላሸት ነው። የመሪጌታ ጥምጥም ባንድ በኩል ቡናማ ሆኗል። የፍሙ ብርሃን ገና ዓይን ለዓይን ያስተያያል። ወደ አጥሩ አየን፤ አጥር የለም። በነበረበት ቦታ ሰፊ ባዶ አለ፤ ከባዶው ወዲያ፣ እዚህ፣ አፍንጫዬ ስር፣ የአዛናው የጓሮ በር። ሻንጣው ደፉ ላይ ታስሮ ቆሟል። አልጋው እንኳ በበሩ ይታያል።

ወገኖቼ፣ ደነገጥኩ። ወፍጮ ቤቱን ዞሬ፣ የሦስት ግቢ ውሻ አልፌ የምደርስበት ቤት ይህን ያህል ቅርብ መሆኑን አላውቅም ነበር። ዶሮ አንድ ጊዜ ብትበር ትደርሳለች።

«እንግዲህ መሪጌታ» አለ ሞላ፣ «ወደ ዛሪማ ወደቀ። ይሂድ ነው ይቅር?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ባዶውን አዩት። «አልናገርም ብያለሁ» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «ግን ወደ ዛሪማ አይደለም የወደቀው። ወደ አዛናው ቤት ነው» አሉ።

ያኔ አዛናው መሳቅ ጀመረ። እንባው ጥላሸቱን እስኪያጥበው ሳቀ።

«ማሩ፣ ድንጋዬን መልስልኝ።»

«የምን ድንጋይ?»

«በቡይት ራስ በኩል ያወጣኸውን።»

ጆሮዬ ጋለ። «ተኝተህ አልነበር?»

«ስካውት ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋ ማለት ተኛ ማለት ነው? አዳኝ የምንይዘው በምን ይመስልሃል? ሞላም ሽቦ ሲቀብር አይቼዋለሁ። መሪጌታንም አይቻለሁ፣ በመቋሚያቸው ድንጋይ ሲወትፉ።»

«እኔ ለፍርድ ነው!» አሉ መሪጌታ። «ወደ ቡይት ራስ ዘሞ አገኘሁት፤ አቀናሁት። ዳኛ ዘንበል ብሎ አይቆምም!»

«ሞላ አንተስ?» አልኩት ተናድጄ። «እንዲሄድ ነው የምትጎትተው? ምን በደለህ?»

ሞላ አቀረቀረ። «ባለፈው ክረምት ወድቆ ቢሞት ኖሮስ? ሐዋሳ ሆኖ በሕይወት ይኑርልኝ ብዬ ነው። እዚህ ከምቀብረው እዚያ ባጣው ይሻለኛል» አለ። ንዴቴ ሁሉ ጠፋ።

«አዛናው፣ ሁሉን እያየህ ለምን ዝም አልክ ታዲያ?» አሉት መሪጌታ።

«ማን አጥብቆ እንደሚስብ ልይ ብዬ» አለ። ከዚያ ሳቁን ተወ። «ሁላችሁም በእንጨትና በሽቦ ነገራችሁኝ። በአፉ የነገረኝ ግን የለም። ዛሬ ጠዋት ማሩ ዘንድ የመጣሁት ለእሳት ብቻ ነበር?»

ይታይሽ ባዶ እንስራዋን እንዳቀፈች ዓይኗን ተከለችብኝ። ያቺን ዓይን አውቃታለሁ።

«አትሂድ» አልኩ።

ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። ቀጭን ነበር።

«ምን አልክ?» አለ አዛናው፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ።

«ሰምተኸኛል።»

«አልሰማሁም። ድገመው።»

«አትሂድብኝ! በቃ! አትሂድብኝ አልኩህ!»

«ተመስገን» አለች ይታይሽ። «ለካ ያወራል።»

ሰላማዊት ግን አልሳቀችም። ጥላሸቷን በነጠላዋ ጠረገች። «እኔስ?» አለች። «እኔ ክፉ ሆኜ ነው ከጓደኞቹ የምለየው? ማታ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ትቆማለች እኮ። እናቴን በስልክ ነው የተረዳሁት። እዚህ ዳግመኛ ቢወድቅስ፣ ማን ይሰማዋል?»

ይህችን ጥያቄ በቀልድ የምታልፍ ሰው ካለ ይምጣ። እኛ አቀረቀርን። መሪጌታ ናቸው ያነሱን።

«ይሰማ እንደሆነ ለምን አይፈተንም?» አሉ።

አዛናው ትኩሱን አመድ ተሻግሮ ቤቱ ገባ፤ አልጋው ላይ ተጋደመ። እኔ ሁልጊዜ የምቀመጥበት ደጄ ላይ ተቀመጥኩ። ሰላማዊት መሃል ላይ፣ አጥሩ በነበረበት ቆመች፤ እንደ ዳኛ።

«ማሩ!»

«አቤት!»

«ይሄ ቀላል ነው» አለች። ሄዳ በሩን ዘጋችበት። «አሁን አባዬ! እንደታመመ ሰው፣ በደከመ ድምፅ!»

«ማሩ...»

«አቤት!»

ወደኔ ዞረች፣ ወደ በሩ ዞረች። እኔ ሁለት እጄ ጉልበቴ ላይ ነው፤ ትንፋሼን ውጫለሁ፤ ዓይኔ ከዚያ በር ላይ አልተነቀለም። ሦስተኛውንም ከሰማሁ ይቀራል ብዬ ነው። አላስቻለኝም።

«አቤት!» አልኩ።

«ጋሼ ማሩ» አለች ሰላማዊት፣ «ገና አልተጣራም እኮ!»

ያኔ ነው የሳቀችው። ሳቀች፣ አለቀሰች፣ አመዱ ላይ ቁጭ አለች። አባቷ በሩን ከፍቶ፣ «ምን ሆናችሁ? ልጣራ ወይስ ልነሳ?» ይላል።

በማግስቱ አልሄዱም። ሰላማዊትም ግን የዋዛ አይደለችም። «ክረምቱን ከኔ ጋር፣ በጋውን ከናንተ ጋር» ብላ ፈረደች፤ ይህን ፍርድ ሞላም አላጣመመው፣ እኔም ድንጋይ አላወጣሁበትም። አዛናው ሐምሌ ላይ ሄደ። እሳት አላነደድንለትም፤ መሪጌታ «ክረምት ነው ተመስገን» አሉ። መስከረም ላይ፣ እውነተኛው ደመራ ሊበራ ሲል ተመለሰ። ሐይቁን ወዶታል። «ግን አገሩ ሜዳ ነው» አለኝ፤ «ቁልቁለት በሌለበት ሰው ወዴት እንደሚሄድ በምን ያውቃል?»

ሲመጣ በላይኛው መንገድ፣ በራሱ በር ገብቶ፣ ሻንጣውን አስቀምጦ፣ በጓሮው በር ወጥቶ፣ በባዶው አልፎ ደጄ ላይ ተቀመጠ። አጥሩን መልሰን አላጠርንም። ችግር የለውም አልላችሁም። ዶሮዎቼ እሱ ቤት ይጥላሉ፤ እሱ እንቁላሉን አይመልስም። በቅሎዬ ገብሱን በልታበታለች፤ እኔ ገብሱን አልመለስኩም። ያላሰብነው ነገር ሲደርስብን «ወደ ዛሪማ ወደቀ» እንላለን፤ ሰፈሩ ሁሉ ለምዶታል።

እንግዲህ ይህን ለምን እንደጻፍኩላችሁ ልንገራችሁ። እኔ ከዚያ ቀን በፊት ሰው የልቤን ያውቃል ብዬ የምኖር ነበርኩ። እንዴት ያውቃል? በመካከላችን የነበረውን ያን አጥር ያበጀነው እኛው ነን፤ በየዓመቱ አንድ አንድ ጭራሮ። ማንም ማንንም ጠልቶ አይደለም፤ አጥር አይደለም ወይ፣ ሲሳሳ ይጨመርበታል። እናንተም አትሂድ፣ አትሂጅ፣ ቅሪልኝ፣ ናፈቅከኝ የምትሉት ሰው ካለ፣ ድንጋይ ለማውጣት አትጎንበሱ። ወገብ ያሳምማል። ደግሞ ከጎናችሁ ሌላው ሽቦ ሲስብ ይሆናል፤ አታውቁም። አፋችሁን ክፈቱ። መጀመሪያ ድምፃችሁ ቀጭን ይሆናል፤ የኔም ቀጭን ነበር። ሁለተኛው ይወፍራል።

አሁን በየጠዋቱ፣ ገና ጤዛው ሳይረግፍ፣ አዛናው ከአልጋው ሆኖ ይጣራል። እኔ እመልሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም በሰላም እንነሳለን። ሰላማዊት በስልክ «ዛሬስ ተጣርተሃል?» ሳትለው አትውልም።

ይኸው፣ ይህን እየጻፍኩ እያለሁ «ማሩ!» አለ። ብዕሩን ልተው። አንድ ጊዜ ዘግይቼ አቤት ሳልል ብቀር፣ ሞቷል ብሎ የእድሩን ጡሩምባ ሊያስነፋብኝ ሲሄድ ከመንገድ ነው የመለስኩት።

«አቤት!»